ጥጥ፦ የቃሉ ትርጉምና አመጣጥ፣ ከሽሮ ሜዳ እስከ አቃቂ

ጥጥ በአማርኛ በቆላ የሚበቅል ቁጥቋጦ ተክል ስም ነው። የተክሉ ፍሬ ደርቆ ሲፈነዳ ዘሩን ሸፍኖ የሚወጣው ነጭ ጸጉርም፣ ያው ጸጉር ጸድቶ በየፋርማሲው ለቁስል መጥረጊያ ሲሸጥም በዚሁ ስም ይጠራል። ስሙ የሚቆምበት ቦታ ግን አለ። ጥጥ እንዝርት ላይ ከወጣ በኋላ ፈትል ይባላል፤ በሸማኔ እጅ ሲያልፍ ሸማ ይሆናል፤ ሲለበስ ደግሞ እንደ ውፍረቱና እንደ አገልግሎቱ ጋቢ፣ ኩታ፣ ነጠላ ወይም ቀሚስ የሚል የየራሱን ስም ያገኛል። ጋቢ የደረበን ሰው ጥጥ ለበሰ የሚል አማርኛ ተናጋሪ አይገኝም፤ የፈትል ልብስ ለበሰ ይባላል እንጂ። እንግሊዝኛን የመሰሉ የአውሮፓ ቋንቋዎች ተክሉንም ክሩንም ጨርቁንም በአንድ ስም ሲጠሩ፣ አማርኛ በየሥራው ደረጃ ስሙን እየለወጠ ይሄዳል። ስለዚህ ጥጥ የሚለውን ቃል ለመረዳት ቃሉን ብቻ ነጥሎ መመርመር አይበቃም፤ ከእርሱ ቀጥለው የሚመጡትን የባለሙያ ቃላት አብሮ መከተል ያስፈልጋል።

እነዚህ ቃላት ዛሬም በሥራ ላይ ሆነው ከሚሰሙባቸው ቦታዎች መካከል የአዲስ አበባ ሁለት ዳርቻዎች ይገኙበታል። አንደኛው በሰሜን ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ ያለው ሽሮ ሜዳ ሲሆን፣ የሸማኔውና የሀገር ባህል ልብስ ነጋዴው ሰፈር ነው። ሁለተኛው በደቡብ በደብረ ዘይት መንገድ ላይ ያለው አቃቂ ሲሆን፣ የፋብሪካ ሰፈር ነው። ሁለቱም ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሚገኙ የጥጥ ተክል አይበቅልባቸውም፤ ተክሉ ሙቀት ወዳድ ነው፣ በኢትዮጵያም በአብዛኛው ከ1,500 ሜትር በታች ባሉ ቆላዎች ይዘራል። በሽሮ ሜዳ ዕድሜ ልኩን ድር ሲዘረጋ የኖረ ሽማግሌ የጥጥ አበባ ምን እንደሚመስል ቢጠየቅ መልስ ባያገኝ አያስደንቅም። በዚህ ሰፈር ጥጥ የሚታወቀው በጆንያ ታስሮ ከገበያ በሚመጣ መልኩ ነው።

የቃሉ አመጣጥ

ጥጥ ከውጭ ጨርቅ ጋር የገባ ቃል አይደለም። በግዕዝ ጡጥ ይባላል፤ በትግርኛም እንዲሁ ጡጥ ነው። አማርኛ የመጀመሪያውን ፊደል ከካዕብ ወደ ሳድስ አውርዶ ጥጥ ብሎታል። በዙሪያችን በስፋት የሚነገረው ኦሮምኛ ግን ጂርቢ የሚል ፈጽሞ የተለየ ስም አለው፤ ከዚህም የተነሣ በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉ ገበያዎች ሁለቱም ስሞች በአንድ ጆንያ ላይ ሲጠሩ ይሰማል።

ጥጥ ውኃ የሚመጥ ነገር ስለሆነ ስሙን ከጠጣ ጋር ማዛመድ ለጆሮ ደስ ይላል። ይህ ግን በግዕዝ ፊት አይቆምም፤ በግዕዝ መጠጣት ሰትየ ነው፣ ጥጡም ያኔውኑ ጡጥ ነበር፣ ስለዚህ ሁለቱ ቃላት ቀድሞ በድምፅ አይመሳሰሉም ነበር። የዛሬው ተመሳሳይነት በአማርኛ ውስጥ የተፈጠረ አጋጣሚ ነው ማለት ይቻላል። ከዐረብኛው ቁጥን ጋር ማገናኘትም እንዲሁ የሚያሳምን አይደለም። ቁጥን ወደ ብዙ ቋንቋዎች ሲገባ የመነሻ ድምፁንና የመጨረሻውን ነ ይዞ ነው የተጓዘው፤ ጡጥ ውስጥ ግን ሁለቱም የሉም።

የነገሩን ጥንታዊነት የሚያሳየው ትልቁ ማስረጃ የንጉሥ ዒዛና የድንጋይ ጽሑፍ ነው። በ4ኛው መቶ ዓመት በግዕዝ በተቀረጸው በዚህ ጽሑፍ ንጉሡ በዛሬዋ ሱዳን ወደ ነበረው የኖባ ምድር ስላደረገው ዘመቻ ሲናገር፣ የቤተ ጣዖቶቻቸውን ምስሎች እንዳጠፋ፣ የእህልና የጥጥ ክምችታቸውንም አውድሞ ወደ ወንዝ እንደጣለው ይገልጻል። እዚህ ላይ ጥጥ ከእህል ጎን መጠቀሱን ልብ ይሏል፤ ጎተራ የሚሠራለት፣ ጠላትም ሲያጠፋው የሚፎክርበት ሀብት ነበር ማለት ነው። በዚያው በሱዳን በምትገኘው ጥንታዊት ከተማ በመርዌና በአካባቢዋ ከተገኙት ጥንታዊ የጨርቅ ቅሪቶች ብዙዎቹ የጥጥ መሆናቸው ይህን ያጠናክራል። በአክሱም አካባቢ በተደረጉ ቁፋሮዎችም የጥጥ ዘር ተገኝቷል። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1ኛው መቶ ዓመት የተጻፈ የግሪክ የባሕር ንግድ መመሪያ ደግሞ ወደ አዱሊስ ወደብ ከሚገቡ ሸቀጦች መካከል የህንድን ጨርቅ ይጠቅሳል። በዘመኑ የሀገር ውስጡ ጥጥና የባሕር ማዶው ጨርቅ ጎን ለጎን ይገበያዩ እንደነበር ከእነዚህ ማስረጃዎች መገመት ይቻላል።

ከባሕር ማዶው ንግድ የተረፈ አንድ ቃል በመጽሐፍ ቅዱስ አማርኛ ውስጥ አለ፤ እርሱም በፍታ ነው። ቃሉ የተሸመነ የሚል ትርጉም ካለው የፋርስ ባፍታ የመጣ ሲሆን፣ በንግዱ ዓለም የህንድ የጥጥ ጨርቅ ስም ነበር። የእኛ ተርጓሚዎች ግን ከተልባ እግር የሚሠራውን የካህናት ልብስ ለመጥራት ተጠቀሙበት። በመጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 31 ስለ ባለሙያዋ ሴት የተጻፈው ክፍልም ተመሳሳይ ነገር ያሳያል። ሴትዮዋ የምትፈልገው የበግ ጠጉርና የተልባ እግር ሆኖ ሳለ፣ እጇን የምትዘረጋው ግን ወደ አመልማሎ ነው ይላል አማርኛው፤ አመልማሎም ለመፈተል የተጠቀለለ ጥጥ ነው። ተርጓሚው መፍተልን ያለ ጥጥ ማሰብ አልሆነለትም።

የሌላው ዓለም ስሞች

በዓለም ላይ የጥጥ ስሞች ከጥቂት ምንጮች የፈለቁ ናቸው። የሳንስክሪቱ ካርፓሳ በዕብራይስጥ ካርፓስ፣ በግሪክ ካርፓሶስ፣ በላቲን ካርባሱስ ሆኗል፤ በህንድኛ ዛሬም ካፓስ ይባላል። የፋርሱ ፓምባ በቱርክ ፓሙክ፣ በስዋሂሊ ፓምባ ነው። ከሁሉም ሩቅ የተጓዘው የዐረቡ ቁጥን ነው፤ ስፔኖች ከስም በፊት የሚገባውን የዐረብኛ የእምርነት ምልክት አል ሳያስወግዱ አልጎዶን አሉት፣ ጣሊያኖች ኮቶኔ፣ ፈረንሳዮች ኮቶን፣ እንግሊዞች ኮተን። ጀርመኖች ከማንም ሳይዋሱ ባውምቮለ ብለውታል፤ የዛፍ ሱፍ ማለት ነው። ይህን ስም ያወጡት እነርሱ ብቻ አይደሉም፤ በ5ኛው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት የኖረው ሄሮዶቱስም በህንድ ከበግ ሱፍ የሚበልጥ ሱፍ የሚያፈራ ዛፍ እንዳለ ጽፎ ነበር። በግ እንጂ ጥጥ ለማያውቅ ሰው ይህ የሚጠበቅ አገላለጽ ነው።

ሱፍ ራሱ የዐረብኛ ቃል ሲሆን በየደረሰበት አገር ትርጉሙ ተለያይቷል። በዐረብኛ የበግ ጠጉር ነው፤ በሶማሊኛ ጥጥ ሆኗል፤ በአማርኛ ደግሞ ሙሽራው የሚለብሰው ኮትና ሱሪ ሱፍ ይባላል፣ ከዚህ ጋር የማይገናኝ የቅባት እህልም በዚያው ስም ይጠራል። በጥጥ ጨርቆች ስም ላይም የከተሞች አሻራ አለ። ሙስሊን ከሞሱል፣ ካሊኮ ከህንዷ ካሊከት፣ ዛሬ ወጣቱ ሁሉ የሚለብሰው ጂንስ ደግሞ ከጣሊያኗ ወደብ ከጄኖዋ የወጡ ስሞች ናቸው። ካኪ የሚለው አቧራ ከሚል የፋርስ ቃል መጥቶ በእኛ ዘንድ የጥበቃና የወታደር ልብስ፣ ከዚያም አልፎ የቡናማ ፖስታ ስም ሆኗል።

ተክሉ

ለሰው ጥቅም የተለመዱት የጥጥ ዝርያዎች አራት ናቸው፤ ሁለቱ የአፍሪካና የእስያ፣ ሁለቱ የአሜሪካ ተወላጆች ናቸው። ዛሬ በዓለም ከሚመረተው ጥጥ አብዛኛው መነሻው ሜክሲኮና አካባቢዋ ከሆነው ዝርያ የሚገኝ ነው፤ የዒዛና ዘመን ጥጥ ግን ከአሮጌው ዓለም ዝርያዎች መሆን አለበት፣ ምክንያቱም የአሜሪካዎቹ ወደዚህ የመጡት ከብዙ ዘመናት በኋላ ነው። ነጩ ጸጉር ከዘሩ ቆዳ ላይ የሚበቅል ሲሆን፣ እያንዳንዱ ጸጉር አንድ ነጠላ ሕዋስ ብቻ ነው። ፍሬው ፈንድቶ ሲደርቅ ይህ ሕዋስ ጠፍጥፎ እንደ ጥብጣብ ይጠማዘዛል፤ ጸጉሮቹ ሲፈተሉ እርስ በርስ የሚያያዙትና ክር የሚወጣው በዚህ ጠመዝማዛነት ምክንያት ነው። ጸጉሩን ተሸክሞ የሚመጣው ዘር ፍሬ ጥጥ ይባላል፤ ዘይት ይጨመቅበታል፣ የቀረው ፋጉሎ ለከብት መኖ ይሆናል።

ከመዳመጥ እስከ መሸመን

የአማርኛ ሀብት ያለው እዚህ ላይ ነው። ጥሬ ጥጥ መጀመሪያ ይዳመጣል፤ ይኸውም ጥጡን በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አድርጎ ቀጭን የብረት ዘንግ በላዩ እያንከባለሉ ፍሬውን ከጸጉሩ ማስለቀቅ ነው። ይህ የጓዳ ሥራ ቃል ወደ ፋብሪካም ተሻግሮ፣ ፍሬውን በመኪና የሚያወጣው ድርጅት የጥጥ መዳመጫ ይባላል። ወደ ጎዳናም ወጥቷል፤ አዲስ የተነጠፈ አስፋልትና ጠጠር የሚያስተኛውን ከባድ መኪና የከተማው ሰው ዳምጠው ብሎ ሰይሞታል፣ እንደ ጎረቤት ስም። በከተማዋ ዳርቻ መንገድ በተሠራ ቁጥር ሕፃናት ዳምጠው መጣ እያሉ ይሮጣሉ። በአዲስ መንገድ ላይ የሚንከባለለው ያ ብረት እና በድንጋይ ላይ የሚንከባለለው የሴቶች ብረት አንድ ግስ እንደሚጋሩ ግን ብዙ ሰው አያስተውለውም።

ከመዳመጥ ቀጥሎ መንደፍ ነው። ጅማት በተወጠረበት ደጋን የተዳመጠውን ጥጥ እየመቱ ያፍታቱታል። የተፍታታው ጥጥ ባዘቶ ነው፤ ለዚህም ነው ነጭና ስስ ደመና ሲታይ ባዘቶ የመሰለ የሚባለው፣ የሸበተ ሰው ግን ጠጉሩ ጥጥ መሰለ እንጂ ባዘቶ መሰለ ሲባል ብዙም አይሰማም። ባዘቶው ለመፈተል እንዲያመች ተጠቅልሎ አመልማሎ ይሆናል፤ አመልማሎው በእንዝርት ተስቦ ፈትል ይወጣዋል፤ ፈትሉ ተጠቅልሎ ልቃቂት ይሆናል። እያንዳንዱ ስም አንድ የእጅ ሥራ ተጨምሮበት የተገኘ ነው፤ አመልማሎን ልቃቂት ብላ የምትጠራ ልጅ ከአያቷ ተግሣጽ አታመልጥም።

በሽሮ ሜዳ ጓሮ ለጓሮ የሄደ ሰው መፍተልን በቅርብ ያያል። ፈታይዋ ዝቅ ባለ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ እንዝርቱን በቀኝ እጇ ጭኗ ላይ አሽከርክራ ትለቀዋለች፤ ግራ እጇ አመልማሎውን ይዞ ወደ ላይ ይርቃል፣ በሁለቱ እጆች መካከልም ክሩ ከምንም እንደሚፈጠር ሁሉ ይረዝማል። ክንዷ እስከቻለው ድረስ ከዘረጋች በኋላ የወጣውን ክር እንዝርቱ ላይ ጠቅልላ እንደገና ታሾረዋለች። ክሩ ቢበጠስ ጫፎቹን በጣቷ አገናኝታ ታሸዋለች እንጂ አትቋጥረውም፤ ቋጠሮ ኋላ በሸማው ላይ እንደ እንከን ይታያል። ወሬዋንም አታቋርጥም።

በጥጥ ላይ የሚኖር ሌላው ባለሙያ ፍራሽ አዳሽ ነው። ዛሬ ስፖንጅ ቢያሳንሰውም በዳርቻ ሰፈሮች ፍራሽ አዳሽ የሚለው ጥሪ አሁንም አልፎ አልፎ ይሰማል። ባለሙያው በግቢው ውስጥ ፍራሹን ቀዶ፣ ለዓመታት ተኝተውበት የደደረውን ጥጥ አፍስሶ፣ ደብድቦና አፍታትቶ መልሶ ይሰፋዋል። ሥራው በመሠረቱ ያው የባዘቶ ሥራ ነው፤ አቧራው ግን የቤቱን ሰው ሁሉ ከግቢ ያስወጣል።

ልቃቂቱ ሸማኔ ቤት ሲደርስ ሁለት መንገድ ይከፈትለታል፤ ወይ ድር ይሆናል ወይ ማግ። ድር በቁመት የሚዘረጋው ሲሆን፣ ማግ በቀሰም ተጠቅልሎ በመወርወሪያ ውስጥ ሆኖ ከጎን ወደ ጎን የሚያልፈው ነው። ሸማኔው በጉድጓድ አፋፍ ተቀምጦ እግሩን ወደ ጉድጓዱ ሰድዶ መርገጫውን ይረግጣል፤ ድሩ ተከፍሎ አፍ ሲከፍት መወርወሪያውን ይሰድዳል። እንደ ድርና ማግ የሚለው አነጋገር ለማይነጣጠሉ ነገሮች የተሰጠው ከዚህ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ተረት ግን ብዙ ጊዜ ለሸረሪት ድር ተደርጎ ይተረጎማል፤ የሸማኔውን ድር ያየ ሰው ግን ተረቱ ለዚህኛውም ድር እንደሚሆን ይረዳል። ማቄን ጨርቄን ሳይል ሄደ በሚባለውም ውስጥ ሁለቱ የሀገሩ ልብሶች አሉ፤ ማቅ የበግ ጠጉር፣ ጨርቅ የጥጥ። በጠርዙ ላይ በቀለም የሚገባው ጌጥ ጥለት ወይም ጥበብ ይባላል፤ ለዕውቀትና ለጌጥ አንድ ስም መሰጠቱ የሸማኔውን ክብር የሚናገር ይመስላል።

ኑሮው ግን ሁልጊዜ እንዲህ ያለ ክብር አላየም። ሸማኔ፣ አንጥረኛና ሸክላ ሠሪ ለረጅም ዘመን ሲናቁ ኖረዋል፤ ዐፄ ምኒልክ ባለ እጅን መስደብ በአዋጅ እስከ መከልከል የደረሱት ስድቡ የተለመደ ስለነበር ነው። ወደ አዲስ አበባ ከመጡት ሸማኔዎች ብዙዎቹ ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜና ከጨንቻ አካባቢ ናቸው፤ ሰፈራቸውም ወደ እንጦጦ ግርጌ፣ ወደ ጉለሌና ሽሮ ሜዳ አደላ። በከተማው ሰው አፍ ዶርዜ የሚለው ስም ከትውልድ ቦታ ወጥቶ የሙያ መጠሪያ ሆኗል፤ ከሌላ የጋሞ ቀበሌ የመጣውም ሸማኔ ዶርዜ መባሉን ተላምዶታል፣ ባይወደውም። በልማዱ የሚፈትሉት ሴቶች፣ የሚሸምኑት ወንዶች ናቸው። ገበያው የሚደራው በዓላት ሲቃረቡ ነው፤ ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ የሚለውን አባባል የሽሮ ሜዳ ነጋዴ እንደ ማስታወቂያ ይጠቀምበታል።

አቃቂና ፋብሪካው

በአቃቂ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ከህንድ ባለሀብቶች ጋር የተቋቋመው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በደርግ ዘመን ወደ መንግሥት ይዞታ ገባ። ለብዙ ዓመታት የአካባቢው ሰው ሰዓቱን የሚለካው በፋብሪካው የሥራ ፈረቃ ነበር። እንዲህ ካሉ ፋብሪካዎች የሚወጣው ነጭ ጨርቅ አቡጀዲ ይባላል፤ ለአልጋ ልብስ፣ ለሱሪ ኪስ፣ ለከፈን የሚሆን። የፋብሪካ ክር የሽሮ ሜዳን ሽመናም ለውጦታል፤ ዛሬ ብዙው ሸማኔ ድሩን ከፋብሪካ ክር አድርጎ ማጉን ብቻ ከእጅ ፈትል ያስገባል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ድር ብዙ ጉተታ ስለሚችል ጥንካሬ ይፈልጋል፣ የሸማው ልስላሴና ሙቀት ግን ከማጉ ይመጣል።

በአቃቂና በጥጥ መካከል አንድ ጸጥ ያለ ዝምድናም አለ። የአቃቂ ወንዝ የከተማዋን ውኃ ይዞ ወደ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽም ወደ አፋር ወርዶ በአሚባራና በታችኛው ሸለቆ የጥጥ እርሻዎችን ያጠጣል። በተንዳሆ በ1960ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ኩባንያ የተጀመረው ሰፊ የጥጥ እርሻ በዚህ ውኃ የለማ ሲሆን፣ የጥጥ ዘርን የሚያጠናው የወረር የምርምር ማዕከልም በዚሁ ሸለቆ ይገኛል። የዚህ ወንዝ ብክለት ለታችኛው ተፋሰስ የሚያስከትለው ጣጣ ራሱን የቻለ ርእስ ነው።

ኮተን

በቅርብ ዓመታት በከተማው ሱቆች ኮተን የሚል ቃል ተለምዷል። ነጋዴው ቲሸርት ወይም የሕፃን ልብስ ሲያሞግስ ንጹህ ኮተን ነው ይላል፤ ጥጥ ነው ቢል ደንበኛው ፍራሽ ወይም ፋርማሲ ሊያስብ ይችላል። እንዲህ በመሆኑ ከዐረብ ተነሥቶ በአውሮፓ የዞረው ቁጥን በመጨረሻ አዲስ አበባ ደርሶ ከጡጥ ጎን ተቀምጧል፤ ሁለቱም ሥራ ተከፋፍለዋል። ኮተን በፋብሪካ የተሠራ፣ ምልክት የተለጠፈበት የተሰፋ ልብስ ነው። ጥጥ ጥሬው ነው። የእጅ ሥራው ደግሞ እንደ ጥንቱ ፈትል ሆኖ ቀርቷል። ጥጥ የሚለው ቃል ድሮም ጨርቅን ስላልጠራ ባዶ የተተወውን ቦታ አዲሱ ቃል ያዘው ማለት ነው፤ በዚህ የተነሣ ቃሉ መግባቱ የሚያስቆጣ አይመስለኝም።

በሽሮ ሜዳ ግን ዋናው ጥያቄ ጥጥ ነው ወይስ ኮተን የሚል አይደለም፤ ፈትል ነው ወይስ ናይለን የሚል ነው። ሰው ሠራሽ ክር እየተቀላቀለ ስለሚሸመን ልምድ ያላቸው ገዢዎች ዐይናቸውን ብቻ አያምኑም። ከጥለቱ ጫፍ የተንጠለጠለውን ክር በጣታቸው ይመዛሉ፤ የእጅ ፈትል ከሆነ ውፍረቱ ከቦታ ቦታ ይለያያል፣ ለጣት ይሻክራል። ያ ካላጠገባቸው ነጋዴውን አስፈቅደው ክሩን በክብሪት ይለኩሱታል። ሰው ሠራሽ ከሆነ ቀልጦ እንደ ጠብታ ይደርቃል፤ ጥጥ ከሆነ እንደ ወረቀት ሸትቶ ይነድዳል፣ ሲነኩትም ወዲያው የሚበተን ግራጫ አመድ ይተዋል።